ደንበኛ ሆኜ የጠየቅሁት ወንድሜ

እኛ ጁባ ያለን ነጋዴዎች በሽተኛ መጠየቅ እናውቅበታለን። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መኪና ያለው መኪናውን ያወጣል፣ የሌለው ተደርቦ ይገባል፣ መንገድ ላይ ሙዝና የካርቶን ጁስ ይገዛል። ቤቱ ስንደርስ ጫማችንን በር ላይ ከምረን እንገባለን፣ ግድግዳውን ተከትለን እንቀመጣለን፣ ከመካከላችን በዕድሜ ከፍ ያለው ዱዓ ያደርጋል፣ ሌሎቻችን አሚን እንላለን። ከዚያ የዶላር ምንዛሬ ይነሳና በሽተኛው ይረሳል። ወባ ለያዘው ሰው ይህ በቂ ነው፤ እንዲያውም አንዳንዱ እኛ ሳንወጣ አልቦት ይነሳል። የወንድሜ ሕመም ግን በዚህ ዓይነት አጠያየቅ የሚባባስ ሕመም ሆኖ ተገኘ። ይህን እስካውቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ቤቱ የሚረሳ ሰው ያለው አንባቢ ያን ያህል እንዳይፈጅበት ብዬ ነው የምጽፈው።

ወንድሜ ከድር ይባላል፤ እኔ ጋሼ ነው የምለው። በዕድሜ እጅግ ይበልጠኛል፣ አባታችን ሲሞት ያሳደገኝም እሱ ነው። ጁባ የገባው አገሩ ነጻ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ሥራው መስመር ሲይዝለት እኔን አስመጣኝ። ሃይ ማላካል በሚባለው የጁባ ሰፈር አንሶላና ብርድ ልብስ የምናከፋፍልበት ሱቅ አለን። ዕቃው ከካምፓላ በጭነት መኪና ይመጣል፤ ከእኛ ወስደው በየገበያው የሚቸረችሩት ደግሞ በአብዛኛው የአገሩ ሴቶች ናቸው። ጋሼ ከእነሱ ጋር ዋጋ ሲከራከር ያየ ሰው የተጣሉ መስሎት ሊገላግል ይነሳል። እጁን ያወናጭፋል፣ ይምላል፣ ዕቃውን ከሴትዮዋ እጅ ነጥቆ ወደ መደርደሪያው ይመልሳል፣ ስትወጣ ደግሞ በር ድረስ ተከትሎ ይጠራታል። በመጨረሻ ሁለቱም እየሳቁ ይለያያሉ። ለእሱ ሽያጭ ማለት ይህ ነበር፤ ትርፉ ተከትሎ የሚመጣ ነገር ነው።

የሕመሙ መጀመሪያ በ2013 አጋማሽ ላይ ይመስለኛል። ዓመቱን በፈረንጆቹ የምጽፈው እዚህ የምንኖረው በእሱ ስለሆነ ነው። «የኒሙሌው መኪና ገባ ወይ?» ይለኛል፤ በድንበሩ በኩል ከካምፓላ የሚመጣውን ዕቃችንን ማለቱ ነው፤ ገብቷል እለዋለሁ፤ ሻዩን ሳይጨርስ መልሶ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን ከመስጊድ ወደ ሱቅ ሲመጣ መንገድ ጠፍቶት አትላባራ የሚባል ሌላ ሰፈር ድረስ ሄዶ በቦዳቦዳ ተመለሰ። የሞተሩ ሹፌር «ሐጂው ሱቄን አሳየኝ እያለ ሲያዞረኝ ዋለ» ብሎ ሲነግረኝ ሳቅሁ። ጋሼም ሳቀ። ስድሳን የተሻገረ ሰው ነው፣ ሙቀቱም አለ፣ ሐሳቡም አለ ብዬ ተውኩት። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች የሚያስቁ ነበሩ፤ ያመለጡኝም ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ ዲሴምበር መጣና ከተማው በተኩስ ተናጠ። እኔ፣ ጋሼና ባለቤቱ ነፊሳ ሱቅ ውስጥ ተዘግተን ሰነበትን። ያኔ የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ ባሉት ክፍሎች ነበር። ከባድ መሣሪያ ሲጮኽ ነፊሳ ከብርድ ልብሱ ክምር ኋላ ተሸጉጣ ትቀራለች፤ ጋሼ ግን ተነስቶ የብረት በሩን ሊከፍት ይሄዳል። «ደንበኛ እያንኳኳ ነው፤ ምን ያስቀምጥሃል?» ብሎ ይቆጣኛል። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ በሩን ተደግፌ ተቀመጥኩ። በጣም ፈርቼ ነበር፤ ከውጭው ይልቅ ግን እሱን ነበር የፈራሁት።

ሲረጋጋ ብዙ ያገራችን ሰዎች ከተማውን ለቀው ወጡ፣ እኛ ቀረን። ጋሼ አሁን በግልጽ ተለወጠ። ሸሚዙን ገልብጦ ይለብሳል፣ የሰገደውን ሶላት ይደግማል፣ ሌሊት ተነስቶ በር በር ይላል። ያየው ሁሉ «ድንጋጤ ነው» አለ። እኛም ተቀበልን። በዚያ ሰሞን ያልደነገጠ ሰው ስላልነበረ ምክንያቱ ለሁሉም የሚበቃ ነበር።

ድንጋጤው አልለቅ ሲል ወደ ክሊኒክ ሄድን። ጁባ ውስጥ ክሊኒክ ገብቶ ወባና ታይፎይድ ሳይገኝበት የወጣ ሰው አላውቅም። ጋሼም ሁለቱም ተገኙበት። መርፌውን ጨረሰ፣ ክኒኑን ጨረሰ፣ ጥያቄውን ግን መድገም አልተወም። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ እንደገና ታይፎይድ። ሌላው ደግሞ ደም ግፊት አለው አለን፤ እሱ እውነት ነበር፣ የሚረሳው ግን ከግፊት አይደለም። አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጄነሬተሩ ሲጠፋ፣ ማራገቢያው ሲቆም፣ ሕፃናት ሲያለቅሱ እንውላለን። ጋሼ የገባውን ሁሉ ደንበኛ መስሎት ተነስቶ ይቀበላል። አንድ ጊዜ ልጇን ያዘለች ሴት «ሽማግሌው ደክሟል፣ እሱ ይቅደም» ብላ ተራዋን ሰጠችን፤ ልጇ ከእሱ ይልቅ እንደሚብስበት እያየሁ ተቀበልኳት።

ለበሽተኛ ቁርዓን የሚቀሩ አንድ ሼኽ ጋም ወሰድኩት። አንብበው ሲጨርሱ ለብቻዬ ጠርተው «ቁርዓኑን ስቀራ አብሮኝ ይቀራል፤ ጂን ያለበት እንዲህ አይሆንም። ሐኪም ፈልግለት» አሉኝ። ክሊኒኮቹ ሁሉ ታይፎይድ ሲሉኝ ሌላ ሐኪም ፈልግ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ያገኘናት አቡክ የምትባል ነርስ ናት። የዚህ አገር ሰው ናት፤ ልጅነቷን ጋምቤላ በስደተኞች ጣቢያ አሳልፋ ነርስነቱን አዲስ አበባ የተማረች። አማርኛዋ ከብዙዎቻችን የተሻለ ነው። ደም አልቀዳችም፤ ጋሼን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ታወራው ጀመር።

«ሐጂ፣ አሁን ያለነው በየትኛው ወር ነው?»

«ገበያ በሌለበት ወር» አላት።

እኔና ነፊሳ ሳቅን። አቡክ አልሳቀችም። «ልጆችዎ ስንት ናቸው?»

«አላህ የሰጠኝን ያህል፤ አልሐምዱሊላህ።»

እንዲህ እያለ ከጥያቄዋ ሁሉ አመለጠ። ስንወጣ እኔን አስቀርታ «አየኸው? የማያውቀውን በቀልድ ነው የሚሸፍነው። ብልህ ሰው ስለሆነ ነው ሳታውቁበት የቆያችሁት» አለችኝ። እዚህ የጭንቅላት ምርመራ ስለማይሠራ ካምፓላ እንድወስደው መከረችኝ።

ካምፓላ ያየው ሐኪም ሕመሙን «ዲሜንሺያ» ብሎ ጠራው። በእኛ ቋንቋ የመርሳት ሕመም ማለት ነው፤ የምናስብበትና የምናስታውስበት የጭንቅላት ክፍል ቀስ በቀስ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የቅርቡ ይጠፋል፣ የሩቁ ይሰነብታል። «መድኃኒቱ ምን ያህል ጊዜ ይወሰዳል?» አልኩት። የሚያድን የለውም፣ የሚያረጋጋ ብቻ ነው አለኝ። ወደ ጁባ ስንመለስ ጋሼ በመስኮት እያየ መንገዱን ሁሉ ሲያደንቅ መጣ። እኔ መጽናናት አቅቶኝ አለቅስ ነበር፤ እሱ ደግሞ ዕቃ የጠፋብኝ መስሎት «አይዞህ፣ ይገኛል» ይለኛል።

ከነፊሳ ጋር የተቀያየምነውም ያኔ ነው። እሷ «በዚያ ዲሴምበር ከአገር ብናወጣው ይሄ አይመጣም ነበር፣ ለሱቅህ ብለህ ነው» አለችኝ። እኔ «ቤት ውስጥ ስታይው ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ሁለታችንም ሐኪሙ የነገረንን እያወቅን ነው የተባባልነው። ገበያ መሃል መጥፋት ስላበዛ ከወንዙ ድልድይ ማዶ ሸሪካት በሚባል ሰፈር ግቢ ያለው ቤት ተከራይታ ይዛው ሄደች። እኔ ሱቁ ጋ ቀረሁ። ወንድሜን በቀጠሮ የምጠይቀው ሰው የሆንኩት እንዲህ ነው።

በ2015 መጀመሪያ ላይ ጥየቃችን ይህን ይመስል ነበር። አርብ ከሶላት በኋላ ያገኘሁትን ጓደኛ ሁሉ ሰብስቤ እሄዳለሁ። ብዙ ሰው ሲያይ ደስ ይለዋል ብዬ ነው። ሸምሱ የሚባል የስኳርና የዱቄት አከፋፋይ ወዳጃችን መጀመሪያ ይገባል። ጋሼን ከልቡ ነው የሚወደው።

«ጋሽ ከድር! አወቅከኝ?»

«አንተንማ! ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ልጆቹ ደህና ናቸው? ሥራ እንዴት ነው?»

ሰላምታው አንድም ሳይጎድል ይወርዳል። ሰላምታ ማንነትን አይጠይቅም፤ ለማንም ያው ነው። ሸምሱ ግን አይለቀውም።

«እሱ ይሁን፤ እኔ ማን ነኝ? ስሜን ጥራ እስቲ!»

ጋሼ ይስቃል። ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ላብ ችፍ ይልበታል። የእጁን መቁጠሪያ፣ መስበሐውን፣ ፈጠን ፈጠን አድርጎ ይቆጥራል። ሸምሱ ሲቀመጥ ቀጣዩ ይነሳና «እኔንስ?» ይላል። ለካ ግድግዳውን ተከትለን የምንቀመጠው ለፈተና ኖሯል። መልሱን ከነገርነው በኋላ ደግሞ እርስ በርሳችን በዓይን እንጠቃቀሳለን፤ ያን ደግሞ ያያል።

እኔ ከሁሉም እብስ ነበር። ፎቶ ይዤ እሄዳለሁ። «ሲራጅ ነኝ ጋሼ፣ ወንድምህ ሲራጅ!» እለዋለሁ። አንድ አርብ ትክ ብሎ አይቶኝ «ሲራጅ ልጅ ነው። አንተ ሽማግሌ ነህ» አለኝ። ሸምሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እሱ የሚያስታውሰው ሲራጅ አለ፣ እኔ ግን ያን ልጅ ሆኜ መግባት አልቻልኩም።

ስንወጣ ደግሞ ሌላ ነው። ጋሼ ተከትሎን ይመጣና የቆርቆሮውን በር ይዞ ይቆማል። ማን እንደሄደበት አያውቅም፤ የሆነ ሰው ትቶት እንደሄደ ግን ይገባዋል። ይህን የነገረችኝ ነፊሳ ናት። አንድ ቀን ሌሎቹ መኪናው ውስጥ ሲገቡ እኔን በሩ ላይ አስቀረችኝ።

«ሲራጅ፣ አንድ ነገር ልበልህ፣ እንዳትቀየመኝ።»

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«እናንተ ስትሄዱ እስኪጨልም እዚህ ይቆማል። እንጀራ ባጎርሰው ይተፋል። ላጥበው ስነካው ይመታኛል። ይሄው እስከ እሁድ ነው። ሌላው ቀን ደህና ነው፤ እናንተ ስትመጡ ነው የሚብስበት።»

ክንዷን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ፤ በልዟል።

«አትምጣ አልልህም፣ ወንድምህ ነው። ግን እንዲህ ከሆነ ባትመጣ ይሻለኛል።»

በዚህ ሁሉ ዓመት ከእሱ ተለይቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን የቀረኝ አርብ ብቻ ነው፣ እሱም ሊቀር ነው። ተቀየምኳትም፣ አዘንኩላትም። እውነቷን እንደሆነ ግን ወዲያው ነው የገባኝ።

አቡክ ጋ ሄድኩ። «ሲስተር፣ ምን ላድርግ?» አልኳት።

«አትፈትኑት። አወቅከኝ የሚባል ነገር ይቅር። ብቻህን ሂድ፣ ያለውን ተቀበለው፣ አታርመው» አለችኝ። «ሌላ ሰው ካደረገህም፣ ያደረገህን ሁን።»

በሚቀጥለው አርብ ብቻዬን በቦዳቦዳ ድልድዩን ተሻገርኩ። ጋሼ በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ነፊሳ ያጠበችው አንሶላ ታጥፎ ተቀምጧል። አየኝና በጁባ አረብኛ «አንሶላ ትፈልጋለህ?» አለኝ። ደንበኛ አድርጎኛል። አቡክ ያለችኝን አስታወስኩና አዎ አልኩ። ዋጋ ጠራ። ደስ እንዲለው ብዬ፣ ፈገግ ብዬ፣ «እሺ ሐጂ፣ ይሁን» አልኩና ገንዘብ አወጣሁ።

ፊቱ ጠቆረ። አንሶላውን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። «ማነህ አንተ?» አለ። «እሺ ነው የምትለው? ነፊሳ! ነፊሳ! ሌባ ገብቷል!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ወጣ። ነፊሳ እየሮጠች መጥታ እኔን ስታይ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ተባርሬ ወጣሁ። በድልድዩ ላይ ስመለስ በጣም ተናድጄ ነበር፤ በአቡክ፣ በነፊሳ፣ በራሴ። መታረም አልወድም ያለ ሰው እሺ ሲባልም ካልወደደ ምን ሊደረግለት ነው እያልኩ ሱቅ ገባሁ።

መልሱ የመጣው በማግስቱ ከገበያ ነው። ከድሮ ደንበኞቻችን አንዷ መጣች፤ አንሶላ አንስታ ዋጋ ሰበረችብኝ። መከራከር አላሰኘኝም ነበርና «እሺ፣ ውሰጂው» አልኳት። አንሶላውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። «ደ ማሉ?» አለች፤ ይሄ ምን ሆኗል ማለቷ ነው። ዘርግታ ጫፍ ጫፉን ታየው ጀመር፤ ቀዳዳ እየፈለገች ነው። እሺ ስላልኳት ዕቃው ጉድለት አለበት ብላ ደመደመች። ቀዳዳ ስታጣም አልገዛችም፤ ትታው ሄደች።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ገና ጁባ እንደገባሁ ጋሼ ያስተማረኝ የመጀመሪያ ነገር ትዝ አለኝ፤ የጠሩለትን ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ወይ የሐሰት ኖት ይዟል፣ ወይ ሌላ ነገር ሊሰልል መጥቷል፣ አስወጣው ይለኝ ነበር። ትናንት ታዲያ ያስወጣኝ ምን አጥፍቶ ነው? ሥራውን ነው የሠራው። እኔ ነኝ ለነጋዴ የማይደረግ ነገር ያደረግሁበት። ስሙን ረስቷል፣ ወሩን ረስቷል፣ እኔን ረስቷል፤ ሰው ሲያባብለው ግን አልረሳም። ለሕመምተኛ ብለን የምንናገረውን ያን ለስላሳ ድምፅ ከሩቅ ይሰማዋል፣ ይጠረጥረዋልም።

ለነፊሳ ደወልኩ። «አንድ አርብ ብቻ ስጪኝ» አልኳት። «ካልሆነ ሁለተኛ አልመጣም።» «በአላህ፣ እንዳታስጮኸው» አለችኝ።

ያን አርብ ጫማዬን አላወለቅሁም፣ ትከሻውንም አልሳምኩም። ቆሜ፣

«ሰላም አለይኩም ሐጂ። አንሶላ ፊ?» አልኩ፤ አንሶላ አለ ወይ ማለት ነው።

«ፊ» አለ። ዘርግቶ በመዳፉ አሸው። «የካምፓላ ነው። ቢታጠብ አይለቅም።»

«በከም?»

ዋጋውን ጠራ። ፓውንዱ ሳይወድቅ በፊት የምንሸጥበት የድሮ ዋጋ ነው፤ በዛሬው ገበያ በነጻ እንደመስጠት ይቆጠራል። ሳቄን ዋጥኩና ጮኽ ብዬ «ጋሊ!» አልኩ። «ውድ ነው! ሐጂ፣ ልትዘርፈኝ ነው?»

ቀና አለ። ጀርባው ሲቃና አየሁት።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ጨርቁን ንካው እንጂ! እንዲህ ያለ ጨርቅ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«ማዶ ያለው ሱቅ በግማሽ ይሰጠኛል።»

«ታዲያ እዚያ ሂዳ!» አንሶላውን ከእጄ መነጨቀኝ።

ዞሬ ወደ በሩ ሄድኩ። ነፊሳ በወጥ ቤቱ በኩል ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ሁልጊዜ እየተከተለን ቆሞ የሚቀርበት በር ነው። ቆርቆሮውን ስነካ ከኋላዬ ጠራኝ።

«ተዓል! ያ ዞል፣ ተዓል!» ና ተመለስ ማለት ነው። «የመጨረሻ ስንት ትከፍላለህ?»

ተመለስኩ። እኔ ጨመርኩ፣ እሱ ቀነሰ። መግዣውም አይደለም አለ። ኪሴ ባዶ ነው አልኩ። ሌባ አለኝ፣ ገብጋባ አልኩት፤ ጤነኛ ሳለ እንዲህ ብለው በጥፊ ይለኝ ነበር። ነፊሳ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ውስጥ ገባች። በመጨረሻ «ኸላስ» አለ፤ አለቀ። ኖቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ መረመረ፣ አንሶላውን እንደ ድሮው ጠርዙን ከጠርዝ ገጥሞ አጠፈልኝ። «አላህ ይባርክልህ። ደግሞ ና» ብሎ ሸኘኝ። ተከትሎኝ አልመጣም። የገዛ ደንበኛ ይሄዳል፤ የሚያሳዝን ነገር የለውም።

መንገዱ ላይ ነፊሳ እየሮጠች ደረሰችብኝ። «አንሶላዬን ወዴት ነው የምትወስደው?» አለችኝ። ሁለታችንም መንገድ ላይ ቆመን ሳቅን፤ ከተቀያየምን ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያው ነው። ማታ ደውላ «በልቶ ተኛ፣ ሳጥበውም አልመታኝም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጥየቃዬ ይሄ ሆነ። አንሶላውን በኋላ በር እመልሳለሁ፤ ገንዘቡን እሷ ከትራሱ ስር አውጥታ ትመልስልኛለች። ሸምሱ ይሄን ስነግረው «ጋሽ ከድርን ላታልል? አላደርገውም!» ብሎ ተቆጣ። እኔም ማታለል ነው ወይ ብዬ አስቤበታለሁ። ሲራጅ አይደለሁም ብዬው አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ማን ነህ ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ሸምሱ በመጨረሻ መጣ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክሮ ከእኔ ባነሰ ዋጋ ገዝቶ ወጣ። ቅናት ያዘኝ ብል አልዋሸሁም።

ሁልጊዜ አይሳካም። የደከመው ቀን አንሶላውን እያሸ ዝም ይላል፤ ያኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው አጥፋለሁ። ተበሳጭቶ ያባረረኝም ቀን አለ። ሕመሙም አልቆመም፤ ሐኪሙ እንዳለው እየሄደ ነው። ድኗል ብዬ የምጽፈው ጋሼን አይደለም፣ የአርብ ጥየቃችንን ነው። የእናንተ ሰው ነጋዴ ላይሆን ይችላል። ገበሬ ከሆነ፣ ሹፌር ከሆነ፣ አስተማሪ ከሆነ፣ በሙያው ሞግቱትና እንዲያሸንፋችሁ ዕድል ስጡት። ስሜን ጥራ አትበሉት። እሺ እሺም አታብዙበት። በጅምላ አትሂዱ። ቤቱ ያለችውን ሰው ደግሞ ከእሱ በፊት እሷን ጠይቋት፤ እኔ ክንዷ እስኪበልዝ ድረስ አልጠየቅኋትም።

በዓመቱ መጨረሻ ገደማ ቁጥሮቹ ጠፉበት። ዋጋ ሲጠራ «ብዙ ነው» ብቻ ይላል፤ እኔም «ይቀነስ» እላለሁ፤ ክርክሩ ያለ ቁጥርም ይሄዳል። አረብኛውም እየተንጠባጠበ ሄደ። አንድ አርብ እንዲሁ ስንከራከር መሃል ላይ ክርክሩን ተወው። አንሶላውን ጭኑ ላይ አድርጎ ፊቴን አየኝ። የደረስንበት የጠፋው መስሎኝ «በከም?» አልኩ ደግሜ።

«ወንድም አለኝ» አለ በአማርኛ። «እንዳንተው ነው። ዋጋ አይለቅም።»

«ጎበዝ ነጋዴ ነው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት።» አንሶላውን አጥፎ ዘረጋልኝ። «በል ውሰደው፣ ቀንሼልሃለሁ። ለአንተ አይደለም፣ ለእሱ ስል ነው።»

ገንዘቡን ሰጠሁት። ቆጥሮም፣ ወደ ብርሃን አንስቶም አላየው። ኪሱ ከተተና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሃይ ማላካል ነው ሱቁ። ካገኘኸው ብቅ ይበል በለው። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ እሱ አይጠፋም ነበር።»

«እነግረዋለሁ» አልኩት።